ከጎሮ እስከ ሰበታ፦ የሰርቨር ክትትልን ከአንድ ዝርዝር በራሱ እንዲተከል ማድረግ

"ሲስተም የለም።"

ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ፣ መስኮቱ ፊት ስትቆሙ የምትሰሟት ቃል ናት። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ካሉት ነኝ። ሲስተሙ ሲጠፋ የሚደወለው ለኔ ነው።

የምንጠብቃቸው ሰርቨሮች 23 ናቸው። ጥቂቶቹ ጎሮ ቢሮአችን ውስጥ ናቸው። ሌሎቹ ገላን መጋዘን፣ ሰበታ ፋብሪካ ግቢ እና ለገጣፎ ቅርንጫፍ ውስጥ ተበታትነዋል። ከጎሮ ተነስቶ ሰበታ ደርሶ መመለስ፣ መንገዱ ከተዘጋጋ፣ ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ ችግርን ከሩቅ ቀድሞ ማየት ግድ ይለናል።

አንድ ሐሙስ ማታ ገላን ያሉት ጥበቃ፣ አባባ የምንላቸው፣ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ኮምፒውተሩ እምቢ ብሏል ይላሉ" አሉኝ። የመጋዘኑ ዳታቤዝ ያለበት ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ክትትል ነበረን እኮ። ዲስክ ሊሞላ ሲል መልእክት ይልካል። ግን የተተከለው 22 ሰርቨሮች ላይ ነበር። 23ኛው ከሦስት ወር በፊት በጥድፊያ የገባ ነው። ክትትሉን "ነገ እጭንበታለሁ" ብዬ አልፌው ነበር። ሾፌሮቹ መኪናቸው ውስጥ አደሩ። ያ ሌሊት እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዤ ነው የምሠራው። የሰርቨሮቹ ስም የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። ተከላውም፣ ልኬቱም፣ ማስጠንቀቂያውም ከዚያ አንድ ዝርዝር ይቀዳ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከገባ ክትትሉ በራሱ ይከተላል። ይህ መመሪያ ያንን እንዴት እንደምታደርጉ ያሳያል።

ኮዱን እዚህ አልለጥፍም። የእያንዳንዱ ፕሮግራም ሰነድ ላይ በደንብ ተጽፎ ይገኛል። እኔ የማስቀምጠው ቅደም ተከተሉን፣ ምክንያቱን እና ከከተማ ዳር ስትሠሩ የሚገጥማችሁን ነው። ሊኑክስ ላይ ትንሽ ሠርታችኋል ብዬ እነሳለሁ።

የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች

ዋናዎቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

አንሲብል ተካዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን የምወድለት ነገር ሰርቨሩ ላይ የራሱ የሆነ ፕሮግራም እንዲጫንለት አለመፈለጉ ነው። ኤስኤስኤች እና ፓይተን ካገኘ ይበቃዋል። ፕሮሚቲየስ ልኬት ሰብሳቢው ነው። እሱም በ2012 ሳውንድክላውድ በሚባለው የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ ተጀምሮ በ2016 ከኩበርኔቲስ ቀጥሎ የክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ሁለተኛ ፕሮጀክት ሆኗል። ኖድ ኤክስፖርተር እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ የዲስኩን፣ የሚሞሪውን፣ የፕሮሰሰሩን ሁኔታ በፖርት 9100 ያሳያል። አለርት ማኔጀር መልእክቱን አጣርቶ ለሰው ያደርሳል። ግራፋና ሥዕሉን ያሳያል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይግባችሁ። ፕሮሚቲየስ ራሱ እየሄደ ነው ልኬት የሚቀዳው፤ ሰርቨሮቹ አይልኩለትም። ይህ ጥሩ ነው፤ ያልመለሰለትን ወዲያው ያውቃል። ግን ላይኑ ሲቆረጥ የማይደርስበት ሰርቨር ሁሉ የሞተ ይመስለዋል። እዚህ ላይ በኋላ በሰፊው እመለሳለሁ።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን በእግር ሄዳችሁ ሥሩ

ዝርዝሩን ከትዝታ አትጻፉት። ከድሮ ኤክሴልም አትገልብጡት። እያንዳንዱ ቦታ ሂዱና መደርደሪያውን እዩ። እኔ ሰበታ ስሄድ ጠረጴዛ ሥር፣ ካርቶን ተደርቦበት የሚሠራ አንድ ማሽን አገኘሁ። የሠራተኞች ሰዓት መፈረሚያ የሚያርፍበት እሱ ነበር። ማንም ሰርቨር ብሎት አያውቅም።

ስትመለሱ ደግሞ ኔትወርኩን ኤንማፕ በሚባለው መቃኛ ፕሮግራም ቃኙት። በአካል ያያችሁትን እና ኔትወርኩ ላይ የሚመልሰውን አስተያዩ። የሚለያዩ ከሆነ እስኪገናኙ ድረስ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ከዚያ የአንሲብልን ኢንቬንተሪ ፋይል ጻፉ፤ ያ አንዱ የሰርቨሮች ዝርዝር ማለት እሱ ነው። ሰርቨሮቹን ሁለት ዓይነት ቡድን ውስጥ አስገቧቸው። አንደኛው በቦታ ነው፦ ጎሮ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ። ሁለተኛው በሥራ ነው፦ ዳታቤዝ፣ ዌብ፣ ፋይል። አንድ ሰርቨር ሁለቱም ውስጥ ይገባል። ከስሙ ጎን ሦስት ነገሮች ጨምሩ፦ የትኛው ዩፒኤስ ላይ እንደተሰካ፣ ሲበላሽ ለማን እንደሚደወል እና ቦታው ላይ ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ። የመጨረሻውን አትናቁት። ለገጣፎ በር ላይ ቆመን ቁልፍ የያዘውን ሰው ስንፈልግ ሁለት ሰዓት አልፎብን ያውቃል።

ፋይሉን የለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ አስቀምጡት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረ ይታወቃል።

ደረጃ 2፦ መግቢያውን አመቻቹ

አንድ ማዘዣ ማሽን ምረጡ። ላፕቶፓችሁ ይሆናል፤ ግን ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ሊኑክስ ማሽን ይሻላል። አንሲብልን እሱ ላይ ጫኑ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የኤስኤስኤች ቁልፍ አውጡ። ሰርቨሮቹ ላይም ለዚሁ ብቻ አንድ ተጠቃሚ ክፈቱ፤ ሱዶ ፈቃድ ስጡት፤ በፓስወርድ መግባቱን ዝጉበት። የራሳችሁን ስም አትጠቀሙ። መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ ሁሉም ነገር አብሯችሁ ይሄዳል።

ከዚያ የአንሲብልን ፒንግ ሞጁል ሁሉም ላይ አስኪዱ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ተራው የኔትወርክ ፒንግ አይደለም። መግባት መቻሉን እና እዚያ በኩል ፓይተን መኖሩን ነው የሚፈትነው። 23ቱም "ፖንግ" ካሉ ወደፊት ሂዱ።

ላይናችሁ ደካማ ከሆነ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንሲብል ካልነገራችሁት በአንድ ጊዜ 5 ሰርቨር ብቻ ነው የሚይዘው። እኛ ለሩቆቹ ወደ 2 አወረድነው፤ ላይኑን አያጨናንቅም። ሌላው ፓይፕላይኒንግ የሚባለውን ማብራት ነው። ለእያንዳንዷ ትዕዛዝ የሚደረገውን መመላለስ ይቀንሳል። ሰበታ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ነው የታወቀን።

የዊንዶውስ ሰርቨር ካላችሁ መንገዱ ሌላ ነው። አንሲብል የሚገባው በኤስኤስኤች ፋንታ ዊንአርኤም በሚባለው የዊንዶውስ መግቢያ ነው፤ የሚጫነውም ዊንዶውስ ኤክስፖርተር ነው፤ ፖርቱ 9182። የተቀረው አሠራር ተመሳሳይ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ጊዜ አውርዱ፣ ለሁሉም አድርሱ

ፕሌይቡክ ማለት አንሲብል በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ብዙዎቹ ፕሌይቡኮች እያንዳንዱ ሰርቨር ራሱ ሄዶ ከጊትሃብ እንዲያወርድ ያዛሉ። እኛ ዘንድ ይህ አያዋጣም። ገላን ያሉት ሰርቨሮች ኢንተርኔት እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም። የሚያዩትም ቢሆኑ ማውረዱ መሐል ላይ ይቆረጥና ግማሽ ፋይል ይዘው ይቀራሉ።

ማዘዣ ማሽኑ አንዴ ያውርድ። አብሮ የሚወጣውን፣ ፋይሉ ሙሉና ያልተነካ መሆኑን የሚያሳየውን የሻ256 ቁጥር ያመሳክር። ካልገጠመ ሥራው እዚያው ይቁም። ከገጠመ አንሲብል ቦታዎቹን በሚያገናኘው ቪፒኤን በኩል ወደየሰርቨሩ ይቅዳው። የምትጭኑትን ቨርዥን በቁጥር ወስኑ፤ "የመጨረሻውን" ብላችሁ አትጻፉ። ዛሬ ገላን አንድ ቨርዥን፣ የዛሬ ወር ሰበታ ሌላ ቨርዥን ከገባ፣ አንዱ ላይ ያለው ልኬት ሌላው ላይ ስሙ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ኖድ ኤክስፖርተርን የሚተክለው ሮል

አንሲብል ውስጥ ሮል ማለት አንድ ሥራ ከነፋይሎቹ የሚቀመጥበት ፎልደር ነው። የኛ ሮል የሚሠራው በቅደም ተከተል ይህን ነው። መግባት የማይችል ተጠቃሚ ይፈጥራል። ፕሮግራሙን ቦታው ላይ ያስቀምጣል። የሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይል ይጽፋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ያደርጋል። ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 9100ን ለክትትል ማሽኑ ብቻ ይከፍታል። በመጨረሻ ፖርቱን ራሱ ጠይቆ መልስ ማግኘቱን ያረጋግጣል።

ፋየርዎሏን አትዝለሏት። ኖድ ኤክስፖርተር ማንም ቢጠይቀው ይመልሳል። የሰርቨራችሁን የከርነል ቨርዥን፣ የዲስኩን ስም፣ ምን እንደሚሠራ ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል።

ሪስታርቱን በሃንድለር አድርጉት። ሃንድለር የሚነሳው አንድ ነገር በእውነት ሲቀየር ብቻ ነው። ሮሉ በትክክል የተጻፈ መሆኑን የምታውቁት ደግሞ ሁለት ጊዜ በማስኬድ ነው። በሁለተኛው ዙር "ተቀይሯል" የሚለው ቁጥር ለሁሉም ሰርቨር 0 መሆን አለበት። 0 ካልሆነ ሮሉ በየዙሩ አንድ ነገር እያናወጠ ነው፤ አስተካክሉት። ይህን ሥርዓት በየሳምንቱ በራሱ እንዲሄድ የምንለቀው ስለሆነ በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚሁ አስገቡ፤ ቴክስትፋይል የሚባለውን የኖድ ኤክስፖርተር ክፍል። ፎልደር ትሰጡታላችሁ፤ እዚያ ውስጥ የተጻፈ ልኬት ካለ አብሮ ያሳያል። እኛ የምንጠቀምበት ለባክአፕ ነው። የባክአፕ ስክሪፕቱ በሰላም ሲጨርስ የጨረሰበትን ሰዓት እዚያ ይጽፋል። ፋይሉን በቀጥታ አትጻፉበት። በሌላ ስም ጻፉና ስሙን ቀይሩት። አለዚያ ኖድ ኤክስፖርተር ግማሹ ተጽፎ እያለ ሊያነበው ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ሞክሩ። ቀጥሎ አንድ ቦታ። ከዚያ ሁሉም። የአንሲብል የሙከራ ሁነታ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚቀየር ያሳያችኋል፤ ሁልጊዜ ከሱ ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ የልኬቱ ዝርዝር ከኢንቬንተሪው ይውጣ

እንደኔ ዓይነት ስህተት እዚህ ጋም ይፈጠራል። ኖድ ኤክስፖርተር ተጭኖ ፕሮሚቲየስ ካላወቀው ምንም ዋጋ የለውም። የፕሮሚቲየስን ኮንፊግ በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ዝርዝር አላችሁ ማለት ነው። ሁለቱ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይለያያሉ።

ፕሮሚቲየስ የሰርቨሮቹን ስም ከሌላ ፋይል እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል። ያንን ፋይል አንሲብል በቴምፕሌት፣ ማለትም ባዶ ቦታው በሚሞላ ቅጽ፣ ይጽፈዋል፤ ኢንቬንተሪው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እየዞረ። የቦታውን፣ የሥራውንና የቁልፍ ያዡን ስም እንደ መለያ አብሮ ይለጥፍባቸዋል። ፋይሉ ሲቀየር ፕሮሚቲየስ ራሱ ያነበዋል፤ ሪስታርት አይጠይቅም። ዋናው ኮንፊግና የማስጠንቀቂያ ደንቦቹ ሲቀየሩ ግን፣ ቦታው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ፕሮምቱል በሚባለው መፈተሻ ይለፉ። የአንሲብል ቴምፕሌት ሞጁል ይህን የሚያደርግ ማረጋገጫ አለው። ስህተት ካለ አሮጌው ፋይል እንዳለ ይቀራል።

አሁን የምወዳትን ክፍል ልንገራችሁ። ፕሌይቡኩ መጨረሻ ላይ አንድ ቆጠራ አስገቡ። አንሲብል ፕሮሚቲየስን "ስንት ሰርቨር እያየህ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ኢንቬንተሪው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክር። 23 እና 22 ከሆነ ሥራው በቀይ ይውደቅ፤ የጎደለውንም በስሙ ይጥራው። ይህች ቆጠራ ያን ሐሙስ ብትኖር ኖሮ ሾፌሮቹ ቤታቸው ያድሩ ነበር።

ደረጃ 6፦ ላይን ሲቆረጥ እና መብራት ሲሄድ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ማዕከሉ አንድ ቦታ ሆኖ ሁሉንም ከዚያ እየዞረ የሚለካ ከሆነ፣ የገላን ላይን በተቆረጠ ቁጥር የገላን ሰርቨሮች ሁሉ "ሞቱ" የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ ሳምንት እንዲህ ከቀጠለ ሰው ቴሌግራሙን ድምፅ አጥፍቶ ይተኛል። እኛ ዘንድ ይህ ደርሷል።

ያደረግነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ትንሽ ፕሮሚቲየስ አለው። ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ ከቢሮ የተመለሰ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ 4 ጊጋ ሚሞሪ እና ኤስኤስዲ ካለ ለአምስትና ስድስት ሰርቨር በደንብ ይሠራል። የአካባቢውን ሰርቨሮች በአካባቢው ኔትወርክ ይለካል። ደንቦቹንም እዚያው ይመዝናል። ልኬቱን ደግሞ ሪሞት ራይት በሚባለው መንገድ ወደ ጎሮ ይልካል። አንሲብል ይህን ሁሉ በዚያው ዝርዝር ይተክለዋል፤ ለየቦታው የተለየ ፋይል በእጅ አይጻፍም።

ላይኑ ሲቆረጥ የገላኑ ፕሮሚቲየስ መለካቱን አያቆምም። ያልተላከውን ይዞ ይጠብቃል፤ ላይኑ ሲመለስ ይልካል። ይህ የሚሠራው ግን እስከ 2 ሰዓት ገደማ ለሚሆን መቋረጥ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማዕከሉ ላይ ክፍተት ይቀራል። መረጃው ግን ገላን ላይ አለ፤ ፕሮሚቲየስ ካልቀየራችሁት የ15 ቀን ያስቀምጣል።

ብዙ ሰው የማያስተውላት አንዲት ነገር አለች። ማዕከሉ ከሌሎቹ ቦታዎች ትኩስ ልኬት እየተቀበለ ስለሚቆይ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የዘገየ ልኬት ሲመጣለት አይቀበልም። ዘግይቶ ለሚመጣ ልኬት መስኮት የሚከፍት ማስተካከያ አለው፤ 3 ሰዓት አድርጉት። ይህን ሳናውቅ "ለምን ሙሉው አልገባም?" ብለን ሁለት ቀን ስንደክም ከረምን።

ሌላ ወጥመድ አለ። ገላን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ እያለ ላይኑ ቢቆረጥ፣ ጎሮ ያለው አለርት ማኔጀር መልእክቱ መታደሱን ያጣል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆም "ችግሩ ተፈቷል" ይላል። አልተፈታም። እኛ ከሩቅ ቦታዎች ለሚመጡት "ተፈቷል" የሚለውን መልእክት አጥፍተነዋል። ማየት የፈለገ ዳሽቦርዱ ላይ ያያል።

ቀጥሎ መብራት። እያንዳንዱ ዩፒኤስ በዩኤስቢ ገመድ ከዚያው ዴስክቶፕ ጋር ይገናኝ። ነት የሚባለው ፕሮግራም የዩፒኤሱን ሁኔታ ያነባል፤ በመስመር ላይ ነው ወይስ በባትሪ፣ ባትሪውስ ስንት በመቶ ቀረው። ለነት የተሠራ ኤክስፖርተር ይህን ለፕሮሚቲየስ ያሳያል። መብራት እንደሄደ "ገላን በባትሪ ነው" የሚል መልእክት ይወጣል። ባትሪው አልቆ ሁሉም ሲጠፋ ምክንያቱን ቀድማችሁ አውቃችኋል። ማንም ሰው በከንቱ ታክሲ አይሳፈርም።

ይህ እንዲሠራ ራውተሩና ስዊቹም ዩፒኤስ ላይ መሰካት አለባቸው። ለገጣፎ ላይ ሰርቨሮቹ ተሰክተው ራውተሩ ግድግዳ ላይ ነበር። መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹ በሰላም ይሠራሉ፤ መልእክቱ ግን ከግቢ አይወጣም። ሄዳችሁ ገመዱን በዓይናችሁ ተከተሉት።

ማዕከሉ በበኩሉ ብላክቦክስ ኤክስፖርተር በሚባለው፣ ከውጭ ሆኖ በሚፈትን ፕሮግራም የየቦታውን ራውተር ፒንግ ያድርግ። ራውተሩ ካልመለሰ እና ልኬትም ለ5 ደቂቃ ካልመጣ "ገላን ዝም ብሏል" የሚል አንድ መልእክት ይላክ። አንድ ብቻ።

ደረጃ 7፦ ጥቂት ደንቦች

ኢንተርኔት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የማስጠንቀቂያ ደንቦች ታገኛላችሁ። ሁሉንም አትጫኑ። አንድ ደንብ ከመግባቱ በፊት እኔ የምጠይቀው "ይህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢመጣ ተነስቼ ምን አደርጋለሁ?" ብዬ ነው። መልስ ከሌለኝ አይገባም። ፕሮሰሰር 90 በመቶ ደረሰ የሚለው በዚህ ምክንያት ወጥቷል። ሰርቨሩ እየሠራ ነው፤ ይሥራ።

እኛ ጋ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ሰርቨር ለ5 ደቂቃ ካልመለሰ። ባክአፕ ከጨረሰ 26 ሰዓት ካለፈው። የሰርቨሩ ሰዓት ከትክክለኛው ከተንሸራተተ። ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ከሆነ። እና ዲስክ።

ዲስኩን በመቶኛ ብቻ አትለኩት። 4 ቴራ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ገና 600 ጊጋ አለው፤ 40 ጊጋ ዲስክ ግን 6 ጊጋ ብቻ ነው የሚቀረው፤ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ፕሮሚቲየስ ያለፉትን ሰዓታት አካሄድ አይቶ ወደፊት የሚተነብይ ተግባር አለው። እኛ የምንጠይቀው "በዚህ አካሄድ ከቀጠለ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሞላል?" ብለን ነው። እንዲህ ሲሆን መልእክቱ ዲስኩ ሳይሞላ፣ ገና ጊዜ እያለ ይመጣል። በየጊዜው ሞልቶ የሚጎድል ዲስክ እንዳያሞኘን ደግሞ ከ20 በመቶ በታች ክፍት ቦታ ሲኖር ብቻ የሚል ገደብ አክለንበታል።

ደንቦቹ ጊት ውስጥ ይቀመጡ። ፕሮምቱል ለደንቦች ሙከራ መጻፍ ይፈቅዳል፤ ቢያንስ ለዲስኩ ጻፉለት።

ደረጃ 8፦ መልእክቱ ሰው ጋ ይድረስ

እኛ ዘንድ ኢሜይል በሌሊት የሚያይ የለም። ቴሌግራም ግን ሁሉም ያያል። አለርት ማኔጀር ከ2022 ጀምሮ ወደ ቴሌግራም በቀጥታ መላክ ይችላል። ቦት ፍጠሩ፤ የክትትል ግሩፕ ክፈቱና ቦቱን አስገቡት። የግሩፑ መለያ ቁጥር ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ እሷን ረስቶ መልእክት አልደርስ ያለው ብዙ ነው። የቦቱን ምስጢር ቁጥር ኮንፊግ ውስጥ በግልጽ አትተዉት። አንሲብል ቮልት የሚባል መቆለፊያ አለው፤ በሱ ተቆልፎ ጊት ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም።

መልእክቶቹ በቦታ ይሰብሰቡ። ገላን ላይ አምስት ነገር አንድ ላይ ከተነሳ አምስቱም በአንድ መልእክት ይምጡ። ማፈኛ ደንብም ጨምሩ፦ "ገላን በባትሪ ነው" ወይም "ገላን ዝም ብሏል" የሚል ከተነሳ፣ የዚያው ቦታ "ሰርቨር አልመለሰም" የሚሉት ይታፈኑ። ለዚህ ነው በደረጃ 5 የቦታውን መለያ የለጠፍነው።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ቢሮ ሲገባ "ባክአፕ ወድቋል፣ 2:15" የሚል መልእክት አየ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ መስሎት፣ አሁን የሆነ ነው ብሎ ተረጋጋ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነበርና የሆነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ አልፎታል። አለርት ማኔጀር ደግሞ ሰዓቱን የሚይዘው በዩቲሲ ነው፤ ይህ ዓለም አቀፍ ሰዓት እኛ አገር ካለው የፈረንጅ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። የመልእክቱ ቴምፕሌት ላይ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ቀንሱና በ12 ሰዓት አጻጻፍ አሳዩት፤ የኛው ሰዓት ይመጣላችኋል። ደስ የሚለው ነገር፣ በዚህ ስሌት ኤኤም የሚለው በትክክል የኛ ቀን ይሆናል፤ ፒኤም የሚለው የኛ ሌሊት። ቴምፕሌቱ ላይ በ"ቀን" እና በ"ሌሊት" ተኩት። መልእክቱን በአማርኛ ጻፉት፤ ችግሩን፣ ቦታውን፣ ቁልፍ የያዘውን ሰው ጨምሩበት። ከኢንቬንተሪው በመለያነት ስለሚመጣ በእጅ የሚጻፍ ነገር የለም።

ኢንተርኔት የጠፋ ቀን ቴሌግራም የለም። ጎሮ ላይ ሲም ካርድ ያለው የዩኤስቢ ሞደም ሰክተን፣ ጋሙ በሚባለው ፕሮግራም አጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልክ አድርገነዋል። ለከባዶቹ ብቻ ነው የሚሠራው። ሲሙ ላይ ሂሳብ መኖሩን በየወሩ የሚያይ ሰው መድቡ።

ደረጃ 9፦ ግራፋና

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ግራፋና ዳታ ሶርሱንም (ልኬቱን ከየት እንደሚቀዳ) ዳሽቦርዱንም ሲነሳ ከፋይል እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። አንሲብል ፋይሎቹን ያስቀምጥ። በማውስ እየጫናችሁ አትሥሩት፤ ማሽኑ ከተበላሸ ሁሉም ይጠፋል። ለመጀመሪያ ቁጥሩ 1860 የሆነውን የኖድ ኤክስፖርተር ዳሽቦርድ ውሰዱ፤ ይበቃችኋል። ግራፋና ሲጫን የሚመጣውን የአድሚን ፓስወርድ በፕሌይቡኩ ቀይሩ።

የዲስክ ሂሳቡም ከባድ አይደለም። ፕሮሚቲየስ ለአንድ ልኬት ከ1 እስከ 2 ባይት ይወስዳል። አንድ ሰርቨር 1000 ያህል ልኬት በየ30 ሰከንዱ ቢሰጥ በቀን 6 ሜጋ ባይት አይሞላም። ለ23 ሰርቨር፣ ለ90 ቀን፣ 12 ጊጋ ገደማ ነው።

ደረጃ 10፦ ዘበኛውንም የሚጠብቅ

ጎሮ ያለው ማዕከል ራሱ ቢወድቅ ምንም መልእክት አይመጣም። ዝምታ ደግሞ ሰላም ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጮህ አንድ ደንብ ጻፉ፤ ምንም ችግር ሳይኖር የሚነሳ። አለርት ማኔጀር ያንን በየ5 ደቂቃው ከማዕከሉ ውጭ ወዳለ ማሽን ይላከው። እኛ ለገጣፎ ያለውን ዴስክቶፕ ነው ያደረግነው፤ እሱም የራሱ ሲም አለው። ለ15 ደቂቃ ድምፁ ከጠፋ "ጎሮ የለም" ብሎ በቀጥታ ለሦስት ሰው ይልካል።

ከዚያ ፕሌይቡኩን በሲስተምዲ ታይመር በየሳምንቱ እሑድ ማታ በራሱ እንዲሄድ አድርጉት። ሰው በእጁ የነካካው ነገር ካለ ይመልሰዋል፤ ቆጠራውንም ይደግማል። ውጤቱ ወደዚያው ግሩፕ ይላክ፤ "23 ከ23" የሚል አንድ መስመር።

አዲስ ሰርቨር የገባ ቀን ሥራችሁ እንዲህ ያጥራል። ስሙን ኢንቬንተሪው ላይ ጻፉ። ተጠቃሚውንና ቁልፉን አስገቡ። ፕሌይቡኩን ለሱ ብቻ አስኪዱ። ቆጠራው 24 ከ24 ሲል ለባለቤቱ አስረክቡት፤ ከዚያ በፊት አታስረክቡ።

ሁሉም ከቆመ በኋላ አንድ ቅዳሜ ለሙከራ መድቡ። ለሠራተኞቹም ለጥበቃዎቹም ቀድማችሁ ንገሩ። ገላን ሂዱና የአንዱን ሰርቨር የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ፤ በስንት ደቂቃ መልእክት እንደመጣ ጻፉ። ቀጥሎ ራውተሩን አጥፉ፤ የሚመጣው አንድ መልእክት ብቻ መሆኑን እዩ። የዩፒኤሱን ሶኬት ንቀሉ፤ "በባትሪ ነው" ሲል መልሱት። የመጨረሻው ሙከራ ጎሮ ላይ ነው። የክትትል ማሽኑን ራሱን አጥፉና ስልካችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። 15 ደቂቃ አልፎ ስልኩ ካልጮኸ፣ ወደ ደረጃ 10 ተመለሱ።